ባሮ የሚሞቅበት ቤት

በመንደራችን በሞርስሊ የሰው ሚስት ላይ ዓይን ከመጣል የሰው ባሮ ሽንኩርት ላይ ዓይን መጣል የባሰ ነውር ነው። ቀልድ ላሳምር ብዬ አይደለም። የከሰሉ ጉድጓድ ከተዘጋ ወዲህ የመንደራችን ወንዶች የሚፎካከሩበት ነገር ጠፍቶ ሙሉ ልባቸውን ባሮ ላይ ጥለዋል። አንገቱ የሰው ክንድ የሚያክል ባሮ አሳድጎ መስከረም ላይ በመንደሩ ክበብ አዳራሽ ለዋንጫ ውድድር የደረደረ ሰው ዓመቱን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው። ዘሩ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። አይሸጥም፣ ለባዕድ አይሰጥም። አያቴ ዊልፍ ሴት አያቴን ሲያጫት ከቀለበቱ ጋር አንድ ችግኝ ሰጥቷት፣ እሷም ቀለበቱን ረስታ ችግኙን አቅፋ እንዳለቀሰች ሲወራ ነው ያደግኩት።

እኔ ብራዮኒ እባላለሁ። የምሠራው በድሮው የማዕድን ሠራተኞች አዳራሽ ውስጥ በተከፈተው የሰፈራችን መረዳጃ ቤት ነው። ኪራይ የከበደውም፣ መብራት ኪሱን ያራቆተውም ወደኛ ይመጣል። አለቃችን እትዬ ሞሪን መጀመሪያ የአተር ሾርባ ያጠጡታል፣ ከዚያ ችግሩን ያወጣጡታል። እኔ ደግሞ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሙቀቱ በየት እንደሚያመልጥ እፈልጋለሁ። በር ሥር እጄን እሰዳለሁ፣ መስኮት ላይ ጉንጬን እለጥፋለሁ። የሚያየኝ ሰው ዕብድ ናት ቢል አልፈርድበትም።

ጥር ላይ አንድ ጠዋት ሮሪ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ስቦ ገባ።

ሮሪ ማለት የጋሽ ኖርማን ልጅ ነው። ጋሽ ኖርማን ማለት ደግሞ የአያቴ ባላንጣ። ዋንጫው ወይ ከአያቴ ምድጃ በላይ ነው፣ ወይ ከእሳቸው ምድጃ በላይ፤ ሌላ ቤት ሄዶ አያውቅም። ሮሪ አብሮኝ ነው የተማረው። ኒውካስል ይኖር ነበር፤ አባቱ ሲታመሙ ተመልሶ የመንደራችንን አውቶቡስ መንዳት ጀመረ። ሰው መንገድ ሲያቋርጥ በትዕግሥት ቆሞ የሚጠብቅ ብቸኛው ሾፌር እሱ ነው። ይህን ያስተዋልኩት እኔ ብቻ መሆኔን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

«ቆጣሪው ነገር ሆኗል» አለኝ ሳይቀመጥ። «ካርድ ሞላሁ ስል ያልቃል። ቤቱ ግን በረዶ ነው።»

«ማሞቂያ የላችሁም?»

«አለ። አባዬ ያጠፋዋል።»

«ታዲያ መብራቱን ማን ነው የሚበላው?»

ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ጣሪያችን ላይ የሚታይ ነገር የለም።

«ስማ ሮሪ፣ ካልነገርከኝ እንዴት አድርጌ ልርዳህ?»

ያን ጊዜ ተቀመጠ። ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው። «አባዬ ባለፈው ብርድ ሳንባው ለጥቂት ነው የተረፈው። ሐኪሙ ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ እንዳታስቀምጡት ብሏል። እህቴ ሊድስ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል አግኝታለታለች። ለፋሲካ ትመጣለች። ቤቱ እንደዚህ ሆኖ ካገኘችው ይዛው ትሄዳለች፣ እሱም አትክልቱን ጥሎ ከሄደ አንድ ዓመት አይቆይም። እኔም ብቻውን አልሰደውም፤ አብሬው ነው የምሄደው።»

አብሬው ነው የምሄደው ሲል የምጽፈውን አቆምኩ። እትዬ ሞሪን ከሾርባው ድስት ወዲያ ሆነው አዩኝ፣ ወዲያው ደግሞ ያላዩ መሰሉ።

«ነገ እመጣለሁ» አልኩት።

«አንቺ ነሽ የምትመጪው?»

«ሌላ ሰው ፈለግክ?»

«አይ፤ የዊልፍ የልጅ ልጅ መሆንሽ ነው እንጂ።»

በማግስቱ ስደርስ ጋሽ ኖርማን የፊት ለፊቱ ሳሎን ተቆልፎ ስለሚኖር የማድ ቤቱ ጠረጴዛ ጋ ካፖርትና የሱፍ ቆብ አድርገው ተቀምጠዋል። ትንፋሻቸው እንደ ጭስ ይታያል። ሳል ያዛቸውና ሲለቃቸው ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ።

«ሮሪ፣ ቤቴ ሰላይ አስገባህብኝ?»

«አባዬ፣ ለሥራ ነው የመጣችው።»

«አያቷም ጉድጓድ ውስጥ እንዲህ ነበር የሚለው። ለሥራ ነው ይልና የኔን መቆፈሪያ ይዞ ይሄዳል።»

«ጋሽ ኖርማን፣ መቆፈሪያዎን ዛሬም አላመጣሁም፤ ይቅርታ» አልኳቸው። ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል በሳል ሸፈኑት።

ሥራዬን ጀመርኩ። ማሞቂያዎቹ የሞቱ ያህል ቀዝቅዘዋል። የበራ አምፖል አንድ ነው። ቆጣሪው ላይ ያለችው ቀይ መብራት ግን ትርግብግብ ትላለች፤ አንድ የሆነ ነገር መብራቱን እየጋጠው ነው። ወደ ጓሮው በር ስሄድ ሮሪ ቀድሞኝ በሩን ተደገፈ።

«እዚያ ምንም የለም።»

«ምንም ከሌለ ለምን ትጠብቀዋለህ?»

ከትከሻው በላይ በሩ ላይ ባለችው ትንሽ የመስኮት መስተዋት ጓሮው ይታያል። ከጣውላ የተሠራችው ክፍል በር ሥር ሐምራዊ ብርሃን ይፈስሳል። የባሮ ቤት ልጅ ነኝ፤ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ጋሽ ኖርማን ችግኞቻቸውን ቀን ከሌት በአምፖልና በማሞቂያ አንፈላስሰው እሳቸው በካፖርት ይተኛሉ።

ሮሪ እንዳወቅኩ አወቀ። ዓይን ለዓይን ተያየን። የሚለምነኝ መሰለኝ። እኔ ደግሞ እንደዚያ ከቅርብ አይቼው ስለማላውቅ ዓይኑ ግራጫ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው፤ ለሥራ መምጣቴንም ረሳሁት።

«ሰው ቤት ገብቼ ያየሁትን አላወራም» አልኩት በሹክሹክታ። «የሥራችን ሕግ ነው።»

«ለዊልፍም?»

«ለዊልፍ በተለይ።»

የሰውየው ነገር ግን ቀላል አልሆነም። የሚገባቸውን የብርድ ድጎማ አስወጣሁላቸው፤ እርዳታ አልቀበልም አሉ። ቆጣሪያቸውን ረከስ ወዳለ ዋጋ አስቀየርኩላቸው፤ የተረፈው ለባሮው አዲስ አምፖል ሆነ። መስኮቱን ላስደፍን ስል «እኔ ብርድ ለምጃለሁ» አሉ። ፋሲካ ደግሞ እየመጣ ነው።

ቤት ስገባ አያቴ ማንኪያውን አስቀምጦ ይጠብቀኛል።

«ኖርማን ጋ ሄደሽ ነበር አሉ።»

«አባባ፣ ሾርባህን ጠጣ።»

«እኔ ምን አልኩ? ሰውየው ደህና ነው ወይ ነው ያልኩት። ባሮው ደህና ነው ወይ አልወጣኝም።»

«እንዳይወጣህ።»

ከሮሪ ጋር ግን ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ። ማታ ከሥራ ስወጣ ቤቴ በእግር የሚያስኬድ ሆኖ ሳለ አውቶቡሱን እሳፈር ጀመር። እስከ መጨረሻው ፌርማታ እሄዳለሁ፣ እዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ሻይ ከፔርሙዙ ክዳን ያጠጣኛል፣ ከዚያ አብሬው እመለሳለሁ። ሲበርደኝ ጓንቱን አውልቆ ይሰጠኛል። ጓንቱ ውስጥ ሙቀቱ ይቆየኛል፤ እኔም ቶሎ አልመልስለትም።

«ይሄ ሁሉ ለሥራ ነው?» አለኝ አንድ ቀን።

«ቆጣሪውን እየተከታተልኩ ነው።»

«ቆጣሪው አውቶቡስ ውስጥ ነው እንዴ?»

«ዝም ብለህ ንዳ።»

ዝም ብሎ ነዳ። በመስተዋቱ ግን ያየኛል፤ እኔም አየዋለሁ፤ ደስታዬን ሰው የሚያይብኝ እየመሰለኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ።

አንድ ቅዳሜ ግን አያቴ ክበቡ ውስጥ ብርጭቆውን አንሥቶ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ኖርማን ባሮውን እንደ ንጉሥ ልጅ በማሞቂያ እያሳደገ ነው፤ ዘንድሮ ተጠንቀቁ» አለ። ሰው ሳቀ። ጋሽ ኖርማን ማዕዘን ላይ ተቀምጠው ነበር። ተነሥተው ካፖርታቸውን ቆለፉና ማንንም ሳያዩ ወጡ።

ሰኞ ማታ አውቶቡሱ ሲመጣ ሮሪ ፊቴን አላየም።

«ሮሪ፣ እኔ አይደለሁም።»

«አንቺ ብቻ ነሽ ያየሽው።»

«እኔ እንዳልሆንኩ አታውቅም?»

«አባዬ ከቅዳሜ ጀምሮ አልበላም። ሊድስ ላለችው እህቴ ደውሎ መጥተሽ ውሰጂኝ ብሏታል። ፋሲካንም አልጠብቅም ነው የሚለው። ምን እንድልሽ ነው የምትፈልጊው?»

ወረድኩ። በእግሬ ሄድኩ። ያለቀስኩት በንዴት ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ እንዳላጣው ፈርቼ ነው ያለቀስኩት።

ቤት ስደርስ አያቴን አልማርኩትም። «ማን ነገረህ? ስሙን ንገረኝ። በኔ የተነሣ ነው ብለው ሰዎቹ መንደር ሊለቁ ነው።»

«መንደር ሊለቁ?» አለ፤ ደነገጠ። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ በሬን አንኳኳና ካፖርቴን እጄ ላይ ጣለልኝ። ከቤታችን ጀርባ ወዳለችው ጉብታ ወሰደኝ። መንደሩ ከሥራችን ተዘርግቷል። የአመዳይ ጠዋት ነው፤ ጣሪያ ሁሉ ዱቄት እንደተነፋበት ነጭ ሆኗል።

«የኖርማንን ጓሮ እይ» አለኝ።

አየሁ። በነጩ መንደር መሀል አንዲት ጥቁር ጣሪያ አለች፣ ውኃዋ ጠብ ጠብ ይላል። የጣውላዋ ክፍል ናት። ሙቀቱ በጣሪያዋ አምልጦ አመዳዩን አቅልጦታል።

«ይህን ለማየት ሰላይ ያስፈልጋል? ከገና ጀምሮ በየጠዋቱ ሳየው ነበር። ሳቅ ብዬ ነው የተናገርኩት፣ ሰውየውን ላስቀይም አልነበረም።» ከዚያ ዓይኑ ከጓሮዋ ክፍል ወደ ኖርማን ቤት ጣሪያ ሄደ። ከሰፈሩ ሁሉ ወፍራሙ አመዳይ እሱ ላይ ነበር። «ብራዮኒ፣ የቤቱ ጣሪያ እንዲህ የነጣው ለምንድን ነው? ኖርማን እዚያ ውስጥ እሳት አያነድም እንዴ?»

መልስ መስጠት የሥራዬ ሕግ አይፈቅድልኝም። ዝም አልኩ። አያቴ ግን ዝምታዬን ያውቀዋል።

«ይሄ ጅል ሽማግሌ» አለ ድምፁ ተሰብሮ። «እሱ ከሄደ እኔ ማንን ነው የማሸንፈው?»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ። ጉብታውን እየሮጥኩ ወረድኩ። የሳሳው ጣውላ ያን ሁሉ ሙቀት ለሰማይ እየሰጠ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ያለው ሳሎን ተቆልፎ ባዶውን ተቀምጧል።

በሩን የከፈተው ሮሪ ነው። አፉን ሳይከፍት ክንዱን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኩትና «አያቴ ከጉብታው ላይ ያየው ይህን ነው» ብዬ የክፍሏን ጣሪያ አሳየሁት። እሷን አየ፣ የጎረቤቱን ጣሪያ አየ፣ እንደገና የእነሱን አየ። ጆሮው እስኪቀላ አፈረ።

«ብራዮኒ…»

«ይቅርታውን በኋላ ትጠይቀኛለህ። አሁን አባትህን።»

ጋሽ ኖርማን ማድ ቤት ሻንጣ ከፍተው ካልሲያቸውን እያጣጠፉ ነበር። ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩና ቀስ ብዬ ጀመርኩ።

«ጋሽ ኖርማን፣ ባሮ በዚህ ጊዜ ምን ይወዳል?»

«አያትሽን ጠይቂው።»

«አያቴ አያውቅም።»

ይህን ሲሰሙ ካልሲውን አስቀመጡት። «እርግጥ አያውቅም። ባሮ ንፋስ አይወድም። ንፋስ ከነካው ይኮሰምናል። የማይዋዥቅ ሙቀት ይፈልጋል፤ አንዴ ሞቅ አንዴ ቀዝቀዝ ካልሽው ይታመማል። ሰው አጠገቡ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይታያል።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ምን?»

«ንፋስ ይወዳሉ?»

«እኔ ባሮ አይደለሁም።»

«ታዲያ ከባሮው ጋር ይቀመጡ። የፊት ለፊቱን ሳሎን እኛ እንድፈነው፤ መስኮቱን፣ የወለሉን ስንጥቅ፣ ሁሉን። ችግኞቹን እዚያ እናስገባቸው። አልጋዎንም እዚያው። አሁን ለሰማይ ከሚሰጡት ሙቀት ግማሹ ይበቃችኋል።»

ሮሪ በር ላይ ቆሞ ወለሉን ያያል። በኛ መንደር የፊት ለፊት ሳሎን ለገናና ለሬሳ ነው የሚከፈተው። የሚስታቸው የኦድሪ ሬሳ ከዚያ ክፍል ከወጣ በኋላ በሩ ተከፍቶ አያውቅም።

«ያቺ ክፍል የኦድሪ ናት» አሉ ጋሽ ኖርማን።

«አውቃለሁ።»

«ወንበሮቹ የእሷ ናቸው። መጋረጃው የእሷ ነው። እኔ ለራሴ ብዬ ያንን በር አልከፍተውም።»

«ለባሮውስ?»

ሰውየው እጃቸውን አዩ። «ዘንድሮ ሞት ለኔ መጥቷል ስል ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እሷ የባሮዎቹን አፈር በጣቷ ነበር የምትነካው። በረዳቸው፣ ኖርማን ትለኝ ነበር። እኔን በረደህ ወይ ያለችኝን ቀን አላስታውስም።» ሳቅ አሉ፣ ዓይናቸው ግን ሞልቷል። «ለባሮው ከሆነ ትከፍተው ነበር።»

ሮሪ ቁልፉን ከመደርደሪያው አወረደ።

እትዬ ሞሪን ነገሩን ሲሰሙ ማማሰያቸውን ጣሉ። መረዳጃ ቤቱ በዚያ ሳምንት ሌላ ሥራ ያለው አልመሰለም። አንዱ መስኮት ደፈነ፣ አንዱ ወለሉን አነጠፈ፣ ሌላው በሰው ያልተፈለገ ወፍራም መጋረጃ ይዞ መጣ። የኦድሪን መጋረጃ አልነካንም፤ አዲሱን ከኋላው ሰቀልነው።

የቀረው ችግኞቹን ማጓጓዝ ነበር። ውጭው ውርጭ ነው፤ ከጣውላዋ ክፍል እስከ ሳሎኑ ባለው መንገድ ብርድ ቢነካቸው የዓመቱ ልፋት አለቀ። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ መግባት አለባቸው፣ ለዚያ ደግሞ ብዙ እጅ ያስፈልጋል። በሞርስሊ ብዙ እጅ ያላቸው የባሮ ሰዎች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ተፎካካሪዎች ናቸው።

አያቴ ክበቡ ሄዶ ምን እንዳለ አላውቅም። ጠዋት ጓሮው ውስጥ ሽማግሌዎች ካፖርታቸውን ከፍተው ተሰልፈው አገኘኋቸው። እያንዳንዱ የችግኝ ትሪ ከደረቱ አስጠግቶ በካፖርቱ ይሸፍንና ይሄዳል፤ እየሄደም ሰማይ ሰማዩን ያያል። የሰው ባሮ ማየት ነውር ነዋ። ጎረቤቱ የረገጠበትን እየረገጠ፣ አንገቱን አንጋጦ፣ የሚያልፈው ሁሉ ዝናብ የሚጠባበቅ ገበሬ ይመስል ነበር። አያቴ ደግሞ ይባስ ብሎ ዓይኑን ጨፍኗል። እትዬ ሞሪን በክርኑ ይመሩታል።

«ደረጃ ነው ዊልፍ፣ እግርህን አንሣ።»

«አነሣሁ።»

«ሌላኛውን።»

ጋሽ ኖርማን ሳሎኑ በር ላይ ቆመው ይቀበላሉ። አያቴ ሲደርስ ትሪውን ከካፖርቱ ሥር አወጡ።

«አላየሁም» አለ አያቴ ዓይኑን ሳይከፍት።

«አምንሃለሁ።»

«ትንሽ ሸትቶኛል። እሱ አይቆጠርብኝም።»

ጋሽ ኖርማን ሳቁ። ሲስቁ ሳላቸው አልመጣም። አያቴን ዓይኑን እንደጨፈነ አስገቡትና የኦድሪ ወንበር ላይ አስቀመጡት፣ ሻይም ሰጡት። እስኪጨርስ ድረስ ጨፍኖ ጠጣ።

ሮሪ ባዶዋ የጣውላ ክፍል ውስጥ አገኘኝ። ማሞቂያው ጠፍቶ ጣሪያው ገና ይንጠባጠባል።

«አንቺ ብቻ ነሽ ያየሽው ብዬሽ ነበር» አለኝ።

«ብለኸኝ ነበር።»

«እየነዳሁ በየፌርማታው ባዶ መቀመጫሽን ሳይ ነበር። የማየው ጥፋቴ ገብቶኝ ሳይሆን ስለናፈቅሽኝ ነው። ያ ደግሞ ይብሳል። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ጓንቱን ከኪሴ አወጣሁ። ያኔ አልመለስኩለትም ነበር። አንዱን እኔ አደረግኩ፣ አንዱን ለሱ ሰጠሁት፣ ባዶ የቀሩት እጆቻችን ደግሞ ተገናኙ። ቀድሞ የሳመው እሱ ነው ይላል። እኔ ነኝ።

ለፋሲካ የሮሪ እህት መጣች። በሩን ስትገባ የለበሰችው ወፍራም ካፖርት ነው። ሳሎኑ ውስጥ አባቷ በሸሚዝ ብቻ ተቀምጠዋል፣ ዙሪያቸውን እስከ ጉልበት የደረሰ አረንጓዴ ነው፣ ቆጣሪው ደግሞ ተረጋግቶ ቀስ እያለ ይቆጥራል። ዙሪያውን ቃኘች።

«አባዬ፣ የእማዬ ሳሎን ውስጥ ሽንኩርት ተክለሃል?»

«ሽንኩርት አትበይው።»

ካፖርቷን አወለቀች። ጥቂት ቆይታ ሹራቧንም አወለቀች። ሁላችንም ያን ሹራብ ወንበር ላይ ሲያርፍ አየን። ማንም ሊድስን አላነሣም፤ እሷም አላነሣችውም። ስትሄድ አባቷን ብዙ አቅፋ ቆየች፣ ለኔ ደግሞ በጆሮዬ «ላቡን እንኳ ጠርጎ ነው ያቀፈኝ» አለችኝ።

ከሸኘናት በኋላ ጋሽ ኖርማን ጠሩኝ። ከመደርደሪያው ከሁሉ የወፈረውን ችግኝ ከነማሰሮው አነሡ። ቅጠሉን በጣታቸው አስተካከሉ። ከዚያ ዘረጉልኝ።

እጄን አልዘረጋሁም። ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። በሞርስሊ የማያውቅ የለም።

ሮሪ ከወንበሩ ተነሣ፤ ፊቱ ቀልቷል። «አባዬ፣ እኔ ገና አልጠየቅኳትም።»

«አውቶቡስ አቁመህ ሰው ስትጠብቅ ኖረህ መጠበቅ ልምድ ሆነብህ። ባሮው ሊያረጅ ነው እኮ» አሉት። ወደኔ ዞሩ። «ለባዕድ አይሰጥም። ታውቂያለሽ አይደል?»

ሮሪ አየኝ። ያ ግራጫ ዓይኑ ያኔ ጓሮ በር ላይ እንደለመነኝ ለመነኝ። እሺ አልኩት። ማሰሮውን ተቀበልኩ፣ አፈሩ ሞቅ ያለ ነበር፣ እኔም እንደ ሴት አያቴ ችግኝ አቅፌ አለቀስኩ።

ቤት ስደርስ አያቴ በሩን ከፈተልኝ። ካፖርቴ ሥር ያበጠውን፣ በአንገቴ በኩል ብቅ ያለውን ቅጠል አየ። ከዚያ አንገቱን አንጋጦ ሰማይ ሰማዩን እያየ አሳለፈኝ።